የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተሞች፦ ጤናና ሥራ

የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጤናና ሥራ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ፖሊሲ ክርክር ውስጥ በተለይ ከ2019 ወዲህ ራሱን ችሎ የወጣ ርዕስ ነው። የሚመለከተውም በሰሜን ምዕራብ ብላክፑልንና ፍሊትዉድን፣ በምሥራቅ ግሪምስቢን፣ ስኬግነስንና ጄይዊክን፣ በደቡብ ምሥራቅ ማርጌትንና ሄስቲንግስን የመሳሰሉ ከተሞችን ነው። እነዚህ ከተሞች በአንድ ወቅት ሐኪም በሽተኛውን «ሄደህ ተፈወስ» ብሎ የሚልክባቸው ነበሩ። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ዕድሜ ከሚያጥርባቸው፣ ቋሚ ሥራ ከሚጠፋባቸውና ሐኪም ራሱ ከማይገኝባቸው ስፍራዎች ይቆጠራሉ። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር እንደ መድኃኒት

የባሕር ዳርቻ ከተሞቹ ታሪክ የሚጀምረው ከሕክምና ነው። ሪቻርድ ራስል የተባለ ሐኪም በ1750 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ የባሕር ውሃ ለእጢ በሽታዎች መድኃኒት እንደሚሆን ጻፈ። በሽተኞቹን በባሕር እንዲታጠቡ ብቻ ሳይሆን ጨዋማውን ውሃ እንዲጠጡም ያዝዝ ነበር። ራስል የሠፈረባት ብራይተን ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ የእኛ ሰው ለቁርጥማት ፍል ውሃ እንደሚወርደው ሁሉ የለንደን ባለጸጋም ለሕመሙ ባሕር ይወርድ ጀመር። ከተከታዩ የባለጸጎች ጉዞ ሆቴሉ፣ የሠረገላ መንገዱና የሎሌው ሥራ ተወለዱ።

ፈውሱ ለባለጸጋ ብቻ አልቀረም። በ1791 ማርጌት ላይ ለለንደን ድሆች የባሕር መታጠቢያ ሆስፒታል ተመሠረተ። ዋነኞቹ ታካሚዎቹ የአንገት እጢ የሚያሳብጥ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ሕክምናው ንጹሕ አየር፣ ፀሐይ፣ የተሻለ ምግብና የባሕር ውሃ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እስኪገኝ ከ150 ዓመት በላይ መጠበቅ ስለነበረበት፣ በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ ብዙ የሚቀርብ ነገር አልነበረም።

ይህ የባሕር ዝና እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘልቋል። አፄ ኃይለ ሥላሴም በስደታቸው መጀመሪያ በ1936፣ በደቡብ ጠረፍ በምትገኘው ዎርዚንግ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያየው ዋርንስ ሆቴል አርፈው ነበር።

የባቡርና የዕረፍት ዘመን

ባሕሩን ለሠራተኛው ሕዝብ የከፈተው ባቡር ነው። ሐዲድ ብራይተን የደረሰው በ1841፣ ብላክፑል ደግሞ በ1846 ነው። በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች ልማድ የአንድ ከተማ ፋብሪካዎች በሙሉ ለአንድ ሳምንት በአንድነት ይዘጉና ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። አንዱ ከተማ ሲመለስ ሌላው ስለሚተካ የብላክፑል ማረፊያ ቤቶች በጋውን ሙሉ ባዶ አይሆኑም ነበር። ከተማዋ በ1879 መንገዶቿን በኤሌክትሪክ መብራት አደመቀች፤ በ1894 ደግሞ 158 ሜትር የሚደርሰው የብላክፑል ማማ ተመረቀ። በ1936 ስኬግነስ ላይ የመጀመሪያው የበትሊን የዕረፍት ሰፈር ተከፈተ። በ1938 የወጣው ሕግም ከነደመወዝ ዕረፍት የመውጣትን ልማድ አስፋፋ።

የዚህ ዘመን ሥራ የወቅት ሥራ ነበር። በበጋ አልጋ አንጣፊው፣ ወጥ ሠሪው፣ ሙዚቀኛው፣ አይስክሬም ሻጩ ሁሉ እንጀራ ያገኛል፤ ክረምት ሲገባ ግን ከተማው ይዘጋል። ገበያው እስከደመቀ ድረስ የክረምቱ ሥራ አጥነት ከበጋው በተቆጠበ ገንዘብ ይታለፍ ነበር። ኋላ ላይ ቁስል የሆነው ይኸው የግማሽ ዓመት ኑሮ ነው።

ዓሣ አስጋሪዎቹና የሀል ሴቶች

ሁሉም የጠረፍ ከተማ በእንግዳ አይኖርም። ግሪምስቢ፣ ፍሊትዉድና የወደብ ከተማዋ ሀል እስከ አይስላንድ ዘልቀው በሚያሰግሩ መርከቦች የሚተዳደሩ ነበሩ። ሥራው ከአገሪቱ እጅግ አደገኛ ከሆኑት አንዱ ነበር። መርከበኛው በበረዶ በተለበጠ ወለል ላይ ቆሞ መረብ ይጎትታል፤ የዓሣ ሆድ ሲቀድ ጣቱን ያጣል፤ ሌሊትና ቀን በተደባለቀበት እንቅልፍ ይኖራል።

በ1968 መጀመሪያ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሦስት የሀል መርከቦች ሰጠሙ፤ 58 ሰዎች ሞቱ፤ በሕይወት የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሦስቱ አንደኛዋ መርከብ የወጣችው የሬዲዮ ባለሙያ ሳትይዝ ነበር። በዓሣ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ሊሊያን ቢሎካ የመርከበኞቹን ሚስቶችና እናቶች አሰባስባ 10,000 ፊርማ ይዛ ተነሳች። ሴቶቹ ሻሽ አስረው ወደብ ላይ ቆሙ፤ የሬዲዮ ባለሙያ ያልያዘ መርከብ እንዳይወጣ ተሟገቱ፤ ለንደን ድረስ ሄደው ሚኒስትሮችን አነጋገሩ። በጥያቄያቸው መሠረት የሬዲዮ ባለሙያ በየመርከቡ ግዴታ ሆነ፤ ለክረምቱ ስምሪትም ሕክምና የሚሰጥ ረዳት መርከብ ተመደበ። ብዙ ሰው ያተረፈው ዘመቻ ለቢሎካ ግን ሥራዋን አሳጣት፤ ከዚያ በኋላም በከተማው የዓሣ ኢንዱስትሪ በር ተዘጋባት። በ1988 አርፋለች።

ኢንዱስትሪው ራሱም ብዙ አልቆየም። አይስላንድ በ1975 የዓሣ ክልሏን ወደ 200 ማይል አሰፋች፤ ኮድ በተባለው ዓሣ ስም «የኮድ ጦርነት» የሚባለው ውዝግብም በ1976 በእርሷ አሸናፊነት አበቃ። የሩቅ ባሕር አስጋሪዎቹ በሕግ የሚታዩት እንደ ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለነበር ሥራው ሲቆም የስንብት ክፍያ አላገኙም። መንግሥት የካሣ ዕቅድ ያወጣው በ2000 ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ አርጅተው ወይም ሞተው ነበር።

ማረፊያ ቤት እንዴት የድሃ መጠለያ ሆነ

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ርካሽ የቻርተር በረራ የእንግሊዙን ሠራተኛ ወደ ስፔን ወሰደው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ የከተሞቹም ገበያ በአንድ ቀን አልደረቀም። መጀመሪያ የሁለት ሳምንቱ እንግዳ የሳምንት ሆነ፤ ከዚያ የሁለት ቀን፤ በመጨረሻ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ ሆነ። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለስ ሰው ደግሞ አልጋ አይከራይም።

ባለ ማረፊያ ቤቱ የቀረው ምርጫ ክፍሎቹን ለቋሚ ነዋሪ ማከራየት ነበር። ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ነው፤ ከፊት ለፊት ባሕር ሊያሳይ ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ መስኮት አለው። እያንዳንዱ መኝታ ቤት ውስጥ ድሮ ለእንግዳ የተተከለ የእጅ መታጠቢያ አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጥግ ሲቀመጥ ክፍሉ «ቤት» ይሆናል፤ ሽንት ቤቱ ግን ከኮሪደሩ ጫፍ የጋራ ነው። በበሩ ጎን ድሮ «አልጋ አለ» የሚል ማስታወቂያ ይሰቀልበት በነበረው ቦታ ዛሬ የደወል ቁልፎች ተደርድረዋል። ኪራዩን በአብዛኛው የሚሸፍነው የመንግሥት የቤት ድጎማ ነው።

ርካሽ ክፍል መኖሩ ሲሰማ ከየከተማው ትዳር የፈረሰበት፣ ከሱስ ጋር የሚታገል፣ ከእስር የወጣ፣ በጤና ችግር ከሥራ የተፈናቀለ ሰው ይመጣል። አንዳንዱ የሚመጣው ልጅ ሳለ ለዕረፍት የሄደበትን ደስታ አስታውሶ ነው። በሌላ ወገን ጡረተኞች ለንጹሕ አየር ሲሉ ይሠፍራሉ። ወጣቱ ግን ለትምህርት ይወጣና አይመለስም። ስለዚህ ከተማው በሁለት በኩል ሕክምና የሚሻ ሰው ሲቀበል አካሚውንና ሠራተኛውን ይሸኛል።

ጄይዊክ ለዚህ ምሳሌ ትጠቀሳለች። በ1930ዎቹ ለለንደን ሠራተኞች የበጋ ማረፊያ እንዲሆኑ በተሠሩ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች የተቆረቆረች ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኋላ ሰዎች በቋሚነት ኖሩባቸው። በ1953ቱ የሰሜን ባሕር ጎርፍ ከ30 በላይ ነዋሪዎቿ ሞተዋል። መንግሥት የየሰፈሩን የኑሮ ችግር በሚለካበት ሠንጠረዥ በ2010፣ በ2015ና በ2019 ጄይዊክ ከመላው እንግሊዝ የመጀመሪያዋ ችግረኛ ሰፈር ሆና ተመዝግባለች። በ2019 መለኪያ ከአገሪቱ አሥር እጅግ ችግረኛ ሰፈሮች ስምንቱ በብላክፑል ይገኙ ነበር።

የ2021 ሪፖርት

የእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት በኤፕሪል 2019 ስለ ባሕር ዳርቻ ከተሞች የወደፊት ዕጣ ሰፊ ሪፖርት አወጣ። ጤናን በተመለከተ ግን ትልቁ ሰነድ የመንግሥት ዋና የሕክምና አማካሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ክሪስ ዊቲ በጁላይ 2021 ያቀረቡት ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ ለጠረፍ ማኅበረሰቦች የተሰጠ ሲሆን የሚከተሉትን ነጥቦች አጉልቷል።

የመጀመሪያው፣ በጠረፍ የልብ፣ የሳንባና የአእምሮ ሕመምን ጨምሮ የብዙ ዋና ዋና በሽታዎች ሥርጭት ከፍተኛ ነው፤ ወጣቶች ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል የሚገቡበት መጠንም ከፍ ይላል። የነዋሪው ዕድሜና የኑሮ ደረጃ በስሌት ተስተካክሎ ሲታይ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጠረፉ ራሱ ከድህነት በላይ የሆነ ጫና አለው ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በብላክፑል የተወለደ ወንድ በሕይወት የሚኖርበት አማካይ ዕድሜ 74 ዓመት አካባቢ ሲሆን ከአገሪቱ አማካይ አምስት ዓመት ያህል ያነሰ ነበር።

ሁለተኛው የባለሙያ እጥረት ነው። የሕመም ጫናው ከፍ ብሎ ሳለ የጠረፍ አካባቢዎች ከታካሚ ብዛት አንጻር በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችና ስፔሻሊስቶች እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ያህል፣ ነርሶች ደግሞ 7.4 በመቶ ያንሷቸዋል። ምክንያቱ በከፊል ጂኦግራፊ ነው። በመሀል አገር ያለ ሆስፒታል ከአራቱም አቅጣጫ ሕዝብ አለው። የጠረፍ ሆስፒታል ግን ግማሽ ክቡ ባሕር ነው፤ ባሕሩ ታካሚም ሠራተኛም አይልክም። የሥልጠና ሆስፒታሎች በትልልቅ ከተሞች ስለተሰበሰቡ ወጣቱ ሐኪም በሠለጠነበት ይቀራል። የጥርስ ሐኪም ማግኘት በብዙ ጠረፍ ከተሞች ከዚህም የባሰ ነው።

ሦስተኛው የመረጃ ችግር ነው። ስታቲስቲክሱ የሚሰበሰበው በሰፊ አስተዳደር ክልል ደረጃ ስለሆነ፣ በጠረፉ ላይ ያለች ቀጭን የችግር መስመር ከኋላዋ ባሉ ሀብታም መንደሮች አማካይ ውስጥ ትሰወራለች።

ሪፖርቱ ሦስት ምክሮችን ሰጥቷል፦ መንግሥት ሁሉንም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ያካተተ የጠረፍ ጤና ስትራቴጂ እንዲያወጣ፣ የጤና ባለሙያ ምደባና የበሽታ ሥርጭት እንዲመጣጠኑ፣ መረጃና ምርምር እንዲሻሻል።

የሥራና የበሽታ ቋጠሮ

በጠረፍ ከተሞች ሕመምና ሥራ አጥነት አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚሄድ ነው። የበጋው ሥራ ዝቅተኛ ደመወዝና ያልተወሰነ ሰዓት አለው፤ በክረምት ሲቋረጥ ገቢው ብቻ ሳይሆን ከሰው መገናኘቱም ይቀራል። እርጥብ ክፍል የሳንባ ሕመም ያባብሳል፤ የታመመው ሰው ቀጣዩን በጋ አይሠራም። የተሻለ ሥራ ያለው በሌላ ከተማ ሲሆን ደግሞ በሌላው በኩል ባሕር ስላለ ባቡሩ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየውን አክሞ ወደዚያው ክፍል መመለስ፣ ወይም ሥራ ፈልጎ ያልታከመ ሰው መቅጠር፣ ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ጤናና ሥራ በአንድ ዕቃ ውስጥ የተገናኙበት የቆየ ምሳሌ ፍሊትዉድ ውስጥ አለ። በ1865 ጄምስ ሎፍትሀውስ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ፣ በቅዝቃዜና ጭጋግ ደረታቸው ለሚታፈን ዓሣ አስጋሪዎች ከሜንቶልና ከባሕር ዛፍ ዘይት ኃይለኛ ፈሳሽ አዘጋጀ። ጠርሙሱ በመርከብ ላይ ስለሚሰበር ወደ ደረቅ ከረሜላ ቀየረው፤ «ፊሸርማንስ ፍሬንድ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። መርከቦቹ ጠፉ፤ ከረሜላው ግን ዛሬም በዚያችው ከተማ በቤተሰቡ ፋብሪካ ይመረታል፤ ከ100 በላይ አገሮችም ይሸጣል።

የተሞከሩ መንገዶች

*ሥራን ከሕክምና ጋር ማቅረብ።* ይህ ዘዴ በአሜሪካ በ1990ዎቹ የተቀረጸ ነው። የሥራ አማካሪው በአእምሮ ሕክምናው ቡድን ውስጥ አብሮ ይቀመጣል። በሽተኛው «መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ሠልጥን፣ ከዚያ ሥራ ፈልግ» አይባልም፤ መሥራት ከፈለገ ወዲያው ደመወዝ ያለው ሥራ ይፈለግለታል፤ ድጋፉ ከተቀጠረ በኋላም ይቀጥላል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በ2019 ዕቅዱ በ2023/24 ይህን አገልግሎት በዓመት ለ55,000 ሰዎች ለማድረስ ግብ አስቀምጦ ነበር።

*ሕክምናን ወደ ወደቡ ማውረድ።* ዓሣ አስጋሪ የሚያርፈው ባሕሩ ሲነሳ ነው፤ ቀጠሮ ይዞ ጤና ጣቢያ መድረስ አይሆንለትም። በ1881 የተመሠረተው የዓሣ አስጋሪዎች ተልእኮና አጋሮቹ የደም ግፊት ምርመራና የጥርስ ሕክምና በተሽከርካሪ ጭነው ወደቡ ድረስ ይወስዳሉ።

*የነዋሪው ኅብረት።* በፍሊትዉድ በ2016 በአካባቢው ሐኪም አነሳሽነት «ጤናማ ፍሊትዉድ» የሚባል እንቅስቃሴ ተጀመረ። መነሻው መድኃኒት ብቻውን የማይፈታው ነገር አለ የሚል ነው። ነዋሪዎች በመዝሙር ቡድን፣ በጓሮ አትክልትና በመሳሰለው ይሰበሰባሉ፤ ብቸኝነትን በጋራ ይከላከላሉ።

*ቤቱን ማስተካከል።* የብላክፑል ከተማ አስተዳደር በ2015 የራሱን የቤት ኩባንያ አቋቁሞ አሮጌ ማረፊያ ቤቶችን እየገዛ በአግባቡ ወደተሠሩ መኖሪያዎች መለወጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት ከብሔራዊ ሎተሪ በተገኘ 45 ሚሊዮን ፓውንድ ለአሥር ዓመት የሚቆይ የሕፃናትና የነፍሰ ጡር እናቶች ፕሮግራም ተከፈተ።

*አዲስ ኢንዱስትሪ።* የሰሜን ባሕር ነፋስ የምሥራቁን ጠረፍ ቀይሯል። በሀል የነፋስ ተርባይን ክንፍ የሚሠራው የሲመንስ ፋብሪካ በ2016 ተከፈተ። የግሪምስቢ ወደብ ደግሞ ሆርንሲን የመሰሉ ግዙፍ የነፋስ ጣቢያዎችን የሚጠግኑ ቴክኒሻኖች መነሻ ሆኗል። ድሮ የኮድ መርከብ ይቆምበት ከነበረው ወደብ ዛሬ የጥገና መርከብ ይወጣል። የነፋሱ ሥራ ዋነኛ ጥቅም በጋና ክረምት የማይለይ መሆኑ ነው። ጄይዊክም በ2023 «ሰንስፖት» የሚባል ገበያና አነስተኛ የንግድ ቢሮዎች ያሉት ማዕከል አግኝታለች።

*ሐኪምን በአካባቢው ማሠልጠን።* በ2019 ሊንከን፣ በ2020 ደግሞ ኬንትና ሜድዌይ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ሐኪም በሠለጠነበት የሚቀር ከሆነ፣ ሥልጠናው ባለሙያ ወደሚያጥርበት መሄድ አለበት።

ትችቶች

የጠረፍ ልማት ገንዘብ በተቆራረጠ መንገድ መምጣቱ ተደጋግሞ ይተቻል። በ2012 ከመንግሥት የባሕር ንብረት ገቢ ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የጠረፍ ማኅበረሰቦች ፈንድ ከተሞች እርስ በርስ እየተወዳደሩ የሚያገኙት ነበር። ማመልከቻ የመጻፍ አቅም ያለው ከተማ ያሸንፋል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ይበተናል።

ሁለተኛው ትችት ዕድገቱ የማን ነው የሚል ነው። ማርጌት በ2011 ተርነር ኮንቴምፖራሪ የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል ከፈተች፤ ጎብኚም ካፌም በዛላት። ከለንደን የመጣው ገዢ ግን የቤቱን ዋጋ ሰቀለው፤ የቀድሞ ተከራዮችም ወደ ሌላ ርካሽ ከተማ ለመሄድ ተገደዱ። የከተማው አማካይ የጤና ቁጥር በዚህ መንገድ ሲሻሻል፣ የዳነ ሰው ኖሮ ነው ወይስ የታመመው ሄዶ የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው። የነፋሱ ኢንዱስትሪም ቢሆን ከአምሳ ዓመት በፊት መረብ ይጎትቱ የነበሩትን እጆች ያህል አይቀጥርም፤ የሚፈልገውም የተለየ ሙያ ነው።

የተሻለ ውጤት የታየባቸው ሙከራዎች የሚመሳሰሉት ቤቱን፣ ሥራውንና ሕክምናውን ሳይነጣጥሉ፣ ከአንድ የምርጫ ዘመን በላይ በመቆየታቸው ነው። ባሕሩን ብቻ ማልማት ነዋሪውን እንደማያድን ማርጌት ራሷ ምስክር ናት። በ1791 ለለንደን ድሆች የተመሠረተው የባሕር መታጠቢያ ሆስፒታል በ1996 ተዘግቷል፤ ሕንፃው ዛሬ ባሕር የሚያይ ውድ አፓርታማ ነው።